ነጭ የተቀባው ጃካራንዳ

ሚያዝያ 3፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ካርዶቼን ስለወሰዱብኝ ነው። በማዘጋጃ ቤቱ የዛፍ ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በዚህ አሮጌ ሰፈር ላለው ለእያንዳንዱ የመንገድ ዛፍ አንድ ካርድ ነበረኝ። ቁጥሩን፣ ቁመቱን፣ የታየበትን ቀንና ያገኘሁበትን ሕመም በእጄ እጽፍበታለሁ። ዛሬ ጠዋት አዲሷ መሐንዲስ ካርዶቹን በሙሉ በካርቶን አሽጋ ወደ ኮምፒውተሯ ወሰደቻቸው። እጄ ግን መጻፍ ለምዷል፤ በስልሳ ዓመቱ ምን ልበለው?

ኃላፊያችን ስብሰባ ጠርታ “ዝናቡና ነፋሱ ሳይገባ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ዛፍ ይፈተሽ” አለች። የሚቆየው ግንዱ ላይ ነጭ ቀለበት ይቀባል፤ የሚቆረጠው ቀይ። ባለፈው ዓመት አንድ ቅርንጫፍ የሰው መኪና ጨፍልቆ መሥሪያ ቤቱ ጉዱ ስለፈላ ነው። ሥራው ለመሐንዲሷና ለእኔ ተሰጠ። እሷ ግንዱ ውስጡ ባዶ መሆኑን በድምፅ የሚለይ መሣሪያ አላት፤ እኔ የእንጨት መዶሻና ጆሮ አለኝ። ሰኔ ሲያልቅ ጡረታ እወጣለሁ፤ ይህ የመጨረሻዬ ፍተሻ ነው።

ጠዋት ስወጣ አብራኝ የምትኖረው እህቴ “ወንድም ዓለም፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ሸሚዝ የምትተኩሰው ለዛፍ ነው?” አለችኝ።

“ለሥራ ነው።”

“ሐሙስስ ሥራ የለም?”

መዶሻዬን ይዤ ወጣሁ። ነገረኛ ናት።

ሚያዝያ 5፣ ሐሙስ

ሃያ ሁለት ዛፍ። አሥራ ስምንት ነጭ፣ አራት ቀይ። ጀርባዬ አለቀ።

ጡረተኛው ዳኛ በራቸው ላይ ያለው ጥድ ቀይ ካልተቀባ ብለው ተሟገቱን። “ክቡር ዳኛ፣ ምን አጠፋ?” አልኳቸው። “አሸንዳዬን በቅጠል ደፈነው!” አሉ። “የመጀመሪያ ጥፋቱ ከሆነ በማስጠንቀቂያ ይለፉት” ብላቸው መሐንዲሷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ነጭ ቀባነው።

ልጅቷ ሥራ ታውቃለች። ይህን መካድ አልችልም።

ሚያዝያ 10፣ ማክሰኞ

ቁጥር አርባ ሰባት አብቧል። ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ያለው ጃካራንዳ ነው፤ ከሰፈሩ ዛፎች ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል፤ ወደ ቤቱ ትንሽ ያዘነብላል። ሐምራዊ አበባው ደረጃዋን ሸፍኖት ነበር። እሷ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች፤ ግን አትጠርግም።

“ልጠርገው ብዬ ወጣሁ፤ አሳዘነኝ” አለች።

እንደ ሁልጊዜው ወንበር አወጣችልኝ፤ ውኃ አመጣችልኝ። ግንዱን በመዶሻዬ ዞር ዞር ብዬ መታሁት። የባጡን የቆጡን አወራን። የማን ሱሪ ጠበበ፣ የማን ቀሚስ ለሦስተኛ ጊዜ ሰፋ። ደንበኞቿን ስም ሳትጠራ ታማቸዋለች፤ በሚቀጥለው ቀን መንገድ ላይ ሳያቸው ግን በወገባቸው አውቃቸዋለሁ።

“እንዲያው በየሳምንቱ የሚታይ ሌላ ዛፍ አለ?” ብላ ጠየቀችኝ።

“ዕድሜው የገፋ ስለሆነ ክትትል ይፈልጋል” አልኩ።

“የእኔም ዕድሜ እኮ ገፍቷል። እኔን ማን ይከታተለኝ?”

ስቃ ነው ያለችው። ሰው እንዲህ ሲባል አንድ ነገር ይመልሳል። እኔ ግን ተነስቼ ምንም ያላጠፋች አንዲት ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። እስከ አሁን መልስ እየፈለግሁ ነው፤ ሦስት ጥሩ ጥሩ መልስ አግኝቻለሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው።

ሚያዝያ 12፣ ሐሙስ

መሐንዲሷ ካርዶቹን እያየች “ጋሼ፣ ሌሎቹ ዛፎች በዓመት ሁለቴ ነው የታዩት። አርባ ሰባት ግን ካርዱ ሞልቶ ተቀጥሎ፣ ተቀጥሎ… ምን ሆኖ ነው?” አለችኝ።

“ዕድሜው የገፋ ነው።”

“የመጀመሪያው ካርድ ደግሞ የለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያለው ሁሉ ጠፍቷል።”

“ይፈለጋል” አልኩ።

ካርዱ እኔ ጋ ነው። ካርቶኑ የታሸገ ዕለት እንዴት ቦርሳዬ ውስጥ እንደቀረ አላውቅም። አሁን በዚህ ደብተር መካከል አለ።

ምን እንደተጻፈበት ልናገር፤ እዚህ ማንም አያየኝም። የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት ግንዱ ተቦርቡሮ ነበር፤ ሰው አጎንብሶ ይገባበታል። በዚያን ጊዜ ባዶውን በሲሚንቶ መሙላት የሙያው ወግ ነበር፤ ጥርስ እንደሚሞላው። እኔ ጡብና ሲሚንቶ ጠቀጠቅሁበት፤ የልብስ ሰፊዋ ባል ባልዲ አቀበለኝ። ደግ ሰው ነበር፤ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሲሚንቶ ዛፍን እንደሚጎዳ የታወቀው። ውኃ ይቋጥራል፤ ዙሪያውን ያለው እንጨት ቀስ እያለ ይበሰብሳል። ቅርፊቱ ግን ከላይ ገጥሟል። አሁን ቢያዩት ጠባሳ እንኳ የለውም። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

እስከ ዛሬ ፍተሻው በእኔ እጅ ስለነበር በየዓመቱ “ይቆያል” ብዬ እጽፋለሁ። እስከ ዛሬም ቆይቷል።

ሚያዝያ 17፣ ማክሰኞ

ተራው የአርባ ሰባት ነበር። መሐንዲሷ መሣሪያዋን ግንዱ ላይ አስራ በየቦታው መታች፤ ቁጥሩን አየች፤ ደግማ መታች።

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ አለት ነው! እስከ ዛሬ ካየናቸው ሁሉ ጤነኛው!”

ሲሚንቶ ነው የሰማችው። አፌን ከፈትኩ። ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

ምንም አላልኩም።

ነጭ ተቀባ። ልብስ ሰፊዋ እንደ ልጅ አጨበጨበች።

ሚያዝያ 18፣ ረቡዕ

አልዋሸሁም። የጠየቀኝ የለም።

ዛፉ ሃያ ሰባት ዓመት ቆሟል፤ አንድ ክረምት ምን ይጨምርበታል? እንዲህ ያለ አበባ በየትኛውም መንገድ የለም። ለዛፉ ብዬ ነው።

ሚያዝያ 20፣ ዓርብ

ለኃላፊያችን ማመልከቻ ጻፍኩ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ቁጥር አርባ ሰባትን ያለ ክፍያ ለመከታተል ፈቃደኛ መሆኔን ገለጽኩ። አንብባ ቀና አለችና “አንድ ዛፍ ብቻ?” አለችኝ። “ጉልበቴ የሚፈቅደው ይህን ያህል ነው” አልኳት። ላብ በላብ ሆኜ ወጣሁ።

ቤት ስገባ እህቴ ስልክ ላይ ነበረች። “ደህና ነው፣ ይሠራል፣ ይበላል” ትላለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ “ጡረታውስ ይሁን፤ ማክሰኞን ምን ሊያደርጋት ነው?” አለች። መግባቴን እንዳታውቅ በሩን እንደገና ከፍቼ ዘጋሁት።

ሚያዝያ 24፣ ማክሰኞ

ዛሬም ወደ አርባ ሰባት ሄድኩ።

ከዛፉ ጀርባ፣ ከመንገድ በማይታየው በኩል፣ ሥሩ ላይ እንጉዳይ በቅሏል። መዳፍ የሚያህል፣ ቡናማ። ሥሩ እየበሰበሰ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በመንገዱ በኩል ደግሞ አፈሩ ተሰንጥቋል፤ ጥፍሬን አስገባሁበት። ስንጥቁ ዛፉ ካዘነበለበት በተቃራኒ በኩል ነው፤ ዛፉ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው ማለት ነው።

ምን አደረግሁ? እንጉዳዩን በጫማዬ መትቼ ጣልኩት። በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለሠላሳ አራት ዓመት ሕመም ስፈልግ የኖርኩ ሰው ሕመም ደበቅሁ።

ውኃውን ልጠጣ ስቀመጥ እሷ ዓይኗ እየበራ “አንድ ነገር ልንገርዎት” አለች። “ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ የምተኛው ጓዳ ነበር። የዚህ ዛፍ ማዘንበል ሌሊት ያስፈራኝ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ነጭ ስትቀቡት በማግስቱ አልጋዬን ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል አዞርኩት። መስኮቱን ከፍቼ ነው የምተኛው። ጠዋት አበባው ትራሴ ላይ ነው።”

“ብቻዎን አዞሩት?” አልኳት። ያልኩት ይህንን ነው!

“እናንተ ነጭ ካላችሁ ምን እፈራለሁ?”

እንጉዳዩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጉልበቴ ላይ።

ሚያዝያ 26፣ ሐሙስ

ነፋስ ነበር። እንቅልፍ የለም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በመንገዷ አለፍኩ። መስኮቱ ተከፈተ፤ እጇ ወጥቶ መጋረጃውን ሰበሰበ። ደህና ናት። ሜትር አውጥቼ የእግረኛ መንገድ ስለካ ቆየሁ፤ ምን እንደምለካ እኔም አላውቅ።

ግንቦት 1፣ ማክሰኞ

ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ነው የወጣሁት። እየሄድኩ ቃል በቃል ተለማምጄዋለሁ። ደረስኩ፤ ወንበሩ ወጥቷል። ተቀመጥኩበት።

“አልጋዎን ወደ ጓዳ ቢመልሱት ጥሩ ነው” አልኩ።

“ለምን?”

“ብርዱ።”

“በዚህ ሙቀት?” መቀሷን አስቀምጣ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። “እርስዎ ስለ እኔ ብርድ ማሰብ ከጀመሩማ ጥሩ ነው” አለችና ጨርቋ ላይ አቀረቀረች።

ያን ሰዓት በዓለም ላይ ያለ ዛፍ ሁሉ ቢወድቅ አልሰማም ነበር። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ ደስ አለኝ። እሷ በሞት ሥር ተቀምጣ፣ እኔ ደስ አለኝ።

ስንጥቁ ውስጥ ሳንቲም ይገባል።

ግንቦት 4፣ ዓርብ

ቀይ የተቀቡት መቆረጥ ጀመሩ። በሦስት ቀን ሰባት። ወደ ቢሮ ስንመለስ መሐንዲሷ “ጋሼ፣ ከስተዋል። ዛፎቹ ናቸው?” አለችኝ። “ናቸው” አልኩ። “እኔም እንደ እርስዎ ሥራዬን በወደድኩ” አለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ግንቦት 7፣ ሰኞ

ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ነፋስ። የዳኛው ጥድ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ጥሏል፤ አጥራቸውን ገንጥሎታል። “ማስጠንቀቂያውን አልሰማም” አሉኝ፤ ሰው ናቸው፣ ቀለዱልኝ። እኔ ግን ቀልዱ ሳያልቅ ሮጥኩ።

አርባ ሰባት ቆሟል። ስንጥቁ ውስጥ ጣቴ ገባ። ሙሉ ጣቴ።

በሯን አንኳኳሁ፤ የለችም። ደጋግሜ አንኳኳሁ። ጎረቤቷ “ቀሚስ ልታደርስ ሄዳለች፤ እስኪመሽ አትመጣም” አለችኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እየመሸ ሲሄድ ነፋሱ ጸጥ አለ፤ እኔም “ጸጥ ብሏል፤ ነገ ማክሰኞ ነው፤ በመደበኛ ቀኔ እነግራታለሁ” ብዬ ተነሳሁ። በመደበኛ ቀኔ! ዓይኔን በጨው አጥቤ ይህን ለራሴ አልኩ። ተመልሼ ልሄድ ሁለቴ ጫማዬን አሰርኩ፤ ሁለቴ ፈታሁ።

ግንቦት 8፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ካርዱንና እንጉዳዩን መሐንዲሷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ካርዱን አነበበች። ደግማ አነበበች።

“ጋሼ፣ እኔ ፈርሜበታለሁ።”

“አውቃለሁ፣ ልጄ።”

“አጠገቤ ቆመው እኮ ነበር። ለምን አልነገሩኝም?”

“ረስቼው ነው።”

“የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዛፍ ቁጥር በቃልዎ የሚያውቁ ሰው!” ድምጿ ተሰበረ። ከዚያ ተጨማሪ ካርዶቹን፣ እነዚያን ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ የተሞሉትን፣ አንድ በአንድ አገላበጠች። ልትቆጣ የነበረው ፊቷ ወደ ሐዘኔታ ሲለወጥ አየሁ፤ ቁጣዋ ይሻለኝ ነበር። “ይሂዱ” አለች በቀስታ። “ቀለሙን ይዤ እከተልዎታለሁ። እሷን ግን እርስዎ ነው የሚነግሯት።”

ወንበሩ ወጥቶ ነበር። አልተቀመጥኩም። ሲሚንቶውን፣ ካርዱን፣ እንጉዳዩን፣ ስንጥቁን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

“አልጋዬ እዚያ ሥር እንዳለ ያውቁ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ስንት ሌሊት?”

“አሥራ አራት።”

“ቆጥረዋል ማለት ነው።”

“ቆጥሬያለሁ።”

ወንበሩን አንስታ ገባች። በሩ ተዘጋ። መሐንዲሷ መጥታ በነጩ ላይ ቀይ ቀባች፤ እኔ ባልዲውን ያዝኩላት።

ግንቦት 9፣ ረቡዕ

ኃላፊያችን ጠራችኝ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ማመልከቻዬን መለሰችልኝ።

ልብስ ሰፊዋ እስኪቆረጥ ድረስ እህቷ ጋ ሄዳለች። ቤቷ ባዶ ስለሆነ ትናንት ሌሊት በሰላም ተኛሁ። እንቅልፍ እንዲህ እንደሚጣፍጥ ረስቼው ነበር። በመተኛቴ አፈርኩ።

ግንቦት 12፣ ቅዳሜ

ተቆረጠ።

ቆራጮቹን “ከደረት በታች መጋዝ አታስገቡ፤ ድንጋይ ነው” አልኳቸው። አንዱ አላመነም። የሞተር መጋዙ ሲነካው እሳት ተረጨ፤ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ከዚያ እንጨቱን በመጥረቢያ እየላጡ አወረዱት። እንጨት የምለው አራት ጣት ውፍረት ያለው ልጣጭ ነው፤ የቀረው እርጥብ ዱቄት። አንድ ጥሩ ነፋስ ይበቃው ነበር። ይህን ዛፍ ነጭ ያስቀባ ሰው መታሰር ነበረበት ብዬ አሰብኩ፤ ሰውየው እኔ መሆኔን ለአፍታ ረስቼ።

እንጨቱ ሲያልቅ ሲሚንቶው ብቻውን ቆሞ ቀረ። የሰው ቁመት ያህል ነው፤ የድሮውን ቦርቦር ቅርጽ ይዟል፤ አንድ ቦታ ላይ የጣቶቼ ምልክት አለ። ያኔ ጣቶቼ ቀጭን ነበሩ።

ልብስ ሰፊዋ ከእህቷ ቤት መጥታ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ታይ ነበር። መሐንዲሷ ቀርባ “አዝናለሁ፤ ቆንጆ ዛፍ ነበር” ስትላት ሰማሁ።

“ለዛፉ አይደለም የማለቅሰው” አለች።

ወደ እኔ አላየችም።

ግንቦት 14፣ ሰኞ

እህቴ ሁሉንም ሰምታለች፤ በዚህ ሰፈር ምን ይደበቃል። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ሻይ አስቀመጠችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

“ወንድም ዓለም፣ ሴትዮዋን ትወዳታለህ?”

“የዛፉ ጉዳይ ነው እኮ።”

“ዛፉማ ተቆረጠ” አለች።

ግንቦት 15፣ ማክሰኞ

ያለ መዶሻ፣ ያለ ቦርሳ ሄድኩ። እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ዛፉ ሳይኖር መንገዱ ላይ ብርሃኑ ስለበዛ ቤቷን አልፌው ሄጄ ነበር፤ ተመለስኩ።

አንኳኳሁ። ከፈተች፤ ግን በሩን በእጇ እንደያዘች ነው።

“ዛፉ እኮ የለም” አለች።

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ምን ሊያዩ መጡ?”

ያን ጊዜ ነገርኳት። እዚህ አልጽፈውም። አጭር ነበር፤ የተለማመድኩትም አልነበረም። ስጨርስ ዘጠኝ ዓመት የተሸከምኩት ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ማለቁ ገረመኝ።

ፊቷ አልተለወጠም። “ይህን ከመናገር ዛፍ ቢወድቅብኝ ቀለለዎት?” አለች።

“አዎ” አልኩ። እውነቱን መናገር አንዴ ጀምሬ ነበር።

ራሷን ነቀነቀች። ልትስቅ የፈለገች መሰለኝ፤ ግን ዓይኗ ሞላ። “ዘጠኝ ዓመት ማክሰኞ ማክሰኞ ያንን ወንበር ያወጣሁት ዛፉ እንዲቀመጥበት ነበር? ያለ ዛፍ ቢመጡም እኮ በሩ ይከፈትልዎት ነበር።”

“አሁንስ?” አልኳት።

“አሁን የሌሊት ድምፅ እፈራለሁ። የሚነግሩኝን ሁሉ ምን ደብቆ ይሆን እያልኩ መስማት ነው የሚቀረኝ። እሱን አልችልም።” ወደ ውስጥ ዞር ብላ አየች። “መጋረጃ እየሰፋሁ ነው፤ ፀሐዩ አላስቀምጥ አለኝ። ይሂዱ።”

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። አላጋጨችውም።

እህቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። “ምን አለችህ?” አለች።

“ይሂዱ አለችኝ።”

“ሌላስ?”

“ሌላ የለም” አልኳት። በሩ ይከፈትልዎት ነበር ያለችኝን አልነገርኳትም። እሱን ለራሴ ያዝኩት፤ ምን እንደማደርግበት ግን አላውቅም።